የዓምናው የሽንኩርት ዘር

ጉንደ ወይን ውስጥ ፋኢዛ ሱቅ ሄዶ «የለም» የተባለ ሰው አልነበረም። አባቷ ሱቁን ሲያወርሷት ከነገሯት ምክር ሁሉ አጥብቃ የያዘችው ይቺን አንዲቷን ነው፤ ደንበኛን ባዶ እጁን አትሸኚ። ምስማር ተጠይቃ ካለቀባት «ቆይ ከኋላ ላምጣ» ትልና በጓሮ ዞራ ከጎረቤት ሱቅ ገዝታ ትመጣለች። ባትሪ ድንጋይ ቢጠፋ የቤቷን ራዲዮ ሆድ ከፍታ ታወጣለች። ባሏ አብዱልቃኒ «አንድ ቀን ባል የሚፈልግ ሰው ቢመጣብሽ እኔን ጠቅልለሽ ትሰጪያለሽ» እያለ ይስቅባታል። እሷም አብራው ትስቃለች፤ በልቧ ግን ትኮራለች። እንዲህ ያለ ስም በአንድ ቀን አይገኝማ!

ነገሩ የተበላሸው በየካቲት ነው። የበጋው ፀሐይ መሬቱን አድርቆ አድርቆ ሲጨርስ፣ ከከተማው ግርጌ ያለው ምንጭም እየሳሳ ሲመጣ፣ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ ይነሣል። ሥራው ብዙ ነው። ያለፈውን የጎመን ግንድ መንቀል፣ የጌሾውን ደረቅ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ከብት የጣሰውን አጥር መጠገን፣ ተከምሮ የከረመውን ፍግ ማገላበጥ አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን የችግኝ መደብ ነው። ጓሉ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ይከሰከሳል፤ አመድና የበሰለ ፍግ ይቀላቀልበታል፤ ዘሩ ይበተንና ገለባ ይለብሳል፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ ውሃ ነው። ያኔ የተዘራ ሽንኩርት የሚያዝያ ዝናብ ጠብ ሲል ለተከላ ይደርሳል። የዘገየ ሰው ምንጩ ይደርቅበትና ሽንኩርቱን ከገበያ እየገዛ ይከርማል።

በዚያ ሰፈር ታዲያ መደቡን ማንም ይቆፍረው እንጂ የሽንኩርቱን ዘር የሚበትኑት እማማ የብርጓል ናቸው። እጃቸው ያበቅላል ይባላል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ጎጆና ከምንጩ ዳር ካለች ጓሮ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የላቸውም፤ እጃቸው ግን ሀብታቸው ነው። በዘር ሰሞን ከየቤቱ ይጠራሉ። ነጠላቸውን አደግድገው ይመጣሉ፤ አማትበው ዘሩን ይበትናሉ፤ የቀረበላቸውን ቀምሰው፣ መርቀው ይሄዳሉ። እሳቸው ያልበተኑበት መደብ እንደተዘራ አይቆጠርም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራቸዋል። የፋኢዛ እናት በሕይወት ሳሉ የጓሯቸውን ሽንኩርት ከእማማ የብርጓል ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈልጉም ነበር።

ዘሩን ደግሞ የሚገዙት ከፋኢዛ ነው። ለራሳቸውም፣ ለሚጠሯቸውም ቤቶች ጨምረው በስኒ አስለክተው ይወስዳሉ። ዘንድሮ ከደብረ ማርቆስ ዘር የሚያመጣላት ነጋዴ «ዛሬ ነገ» እያለ ቀረባት። እማማ የብርጓል ሱቋ በር ላይ ሲቆሙ የአዲስ ዘር ጣሳዋ ባዶ ነበር።

«ፋኢዛዬ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ እርስዎ እንዴት አደሩ እማማ?»

«መደቡ ደርሷል። የሽንኩርት ዘር መጣልሽ?»

ፋኢዛ «አልመጣም» ልትል አፏን ከፈተች። እውነቴን ነው፤ ልትል ነበር። ግን ሳሙና ልትገዛ የቆመች አመተ ሥላሴ የምትባል ጎረቤት ነበረች፤ በሰው ወሬ ካላዋዛችው ውሎዋ የማይጥማት ሴት ናት። የፋኢዛን ዝምታ አየችና «ኧረ ጉድ! ዘንድሮስ ፋኢዛ ሱቅም የለም ሊባል ነው መሰለኝ!» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ገበያተኞች ሳቁ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። ፋኢዛን ግን እንደ እሾህ ወጋት።

«ማን አለሽ? አለ እንጂ!» አለችና በርጩማ ላይ ወጣች። ከጣራው ሥር፣ ቆርቆሮው ሊነካት ምንም ያልቀራት፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሳት የከረመች ጣሳ ነበረች። የዓምና ዘር ትራፊ የያዘች ናት። የሽንኩርት ዘር ከረመ ማለት ደከመ ማለት እንደሆነ ፋኢዛ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። «ግማሹም ቢሆን ይበቅላል» አለች በሆዷ።

«የዘንድሮ ነው?» አሉ እማማ የብርጓል፣ እንዲያው ለልማዱ።

«የዘንድሮ ነው።»

ዓይኗን በጨው አጥባ እንዲህ አለች። እማማ የብርጓል ዘሩን እንኳ አላዩትም፤ ያዩት የእሷን ፊት ነው፤ እሱም በቃቸው። ፋኢዛ እየለካች አፈሰሰችላቸው፤ ከላዩም አንድ ጭብጥ ሙሉ ጨመረችበት። «ይኼ ምርቃት ነው እማማ» አለች። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እጇን ባርከው ሄዱ። ጥፋተኛ ሰው ምርቃት ሲያበዛ ማንም አይጠረጥረውም።

በዚያው ሳምንት ሁዳዴም ረመዳንም ገቡ። ከተማው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ፋኢዛም ጾመች፤ ዘሩን ግን ከሐሳቧ ማውጣት አልሆነላትም። ከዚያ ጣሳ አንድ ቁንጥር ዘር በእርጥብ ጨርቅ ቋጥራ፣ ከባንኮኒው ሥር አስቀምጣ፣ ሰው ሳያያት እየከፈተች ታየው ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ምንም። የሚቀጥለውም ምንም። ሳምንት ሊሞላው ሲል ጨርቁ ሻግቶ ሸተተ። ከዚያ ሁሉ ዘር ለዓይን የምትሞላ አንዲት ጭራ እንኳ አላወጣም።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ የአላህ ሥራ ሆኖ፣ ነጋዴው አዲሱን ዘር ይዞ መጣ። ፋኢዛ ሱቁን ለአብዱልቃኒ ትታ፣ አንድ ከረጢት አዲስ ዘር በጉያዋ ይዛ፣ ወደ ምንጩ ቁልቁል ወረደች። «ተሳስቼ ነው፤ ይኼንን ይድገሙት» ማለት ብቻ ነው፤ ገና ጊዜ አለ። እማማ የብርጓል ከሴቶች መሐል ቁጭ ብለው ገለባ ይበትናሉ። አንዷ አንድ ነገር አለቻቸውና እንደ ልጃገረድ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። አመተ ሥላሴም እዚያው ነበረች። ፋኢዛ ከግራር ጥላ ሥር ቆማ አየቻቸው። «አሁን በሰው ፊት ምን ብዬ?» አለች። «ነገ ብቻቸውን ሲሆኑ» አለች። ዘሩን በጉያዋ እንደያዘች ተመለሰች።

ነገው ሌላ ነገ ወለደ። ሰው ሲያፍር ለምክንያት አይቸግረውም። አንድ ቀን ሱቁ ገበያተኛ ሞላው፤ አንድ ቀን ጾሙ አደከማት፤ አንድ ቀን ደግሞ «ማን ያውቃል፣ እስካሁን በቅሎ ይሆናል» አለች፤ ከባንኮኒዋ ሥር የሻገተውን ጨርቅ ግን በዓይኗ አይታዋለች።

መደቦቹ አልበቀሉም። ገለባው ሲገለጥ አፈሩ ራሰ በራ ሆኖ ተገኘ። የእማማ የብርጓል ብቻ አይደለም፤ እሳቸው የበተኑበት ቤት ሁሉ እንዲሁ። ጎመኑ በቅሏል፣ ቃሪያው በቅሏል፤ እነሱን እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ባስቀረው ዘር ራሱ ነው የዘራው። ሽንኩርቱን የነካች እጅ የእማማ የብርጓል ብቻ ናት። ሰፈሩ ለመደምደም አልቸኮለም፤ ግን ደመደመ።

አመተ ሥላሴ ሱቁ በር ላይ ቆማ «እጃቸው ደርቋል» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ የእሷ ዝቅታ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። «ምን እንዳገኛቸው እንጃ። ከእንግዲህስ እኔ መደቤን አላስነካም።»

ፋኢዛ ስኳር እየመዘነች ነበር። ዓይኗን ከሚዛኑ አላነሣችም። «ፀሐዩ በርትቶ ይሆናል» አለች። ያን ቀን ሰላት ስትሰግድ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆየች። አላህ የሚያውቀውን ነገር ለእሱ መልሳ ብትነግረው ምን ይረባል? መንገር ያለባት ምንጩ ዳር ላሉት ሴት ነው።

እማማ የብርጓል በመጨረሻ ራሳቸው መጡ። ዱላ ይዘው ነበር፤ ከዚያ በፊት በዱላ ሄደው አያውቁም። ደረጃዋን ሲወጡ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደገፉ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ፋኢዛ ለአፍታ «ይኸው ብቻቸውን ናቸው» ብላ አሰበች። ወንበር አቀረበችላቸው።

«ምን ሆነው ነው እማማ? እግርዎን አመመዎት?»

«ስግደቱ ነው ልጄ። የነፍስ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ነው።» ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እጄ ለምን እንደደረቀ ሳስብ ሳስብ አገኘሁት። በክረምት አንድ የቆሎ ተማሪ ከዲማ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ይላል። ዝናብ ነበር፤ መነሣት ደከመኝ። ቤት ውስጥ ሆኜ ሰው የለም ይበል ብዬ ዝም አልኩ። ቆሞ ቆሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ። ለአባ ነገርኳቸው፤ ስገጂ አሉኝ። እየሰገድኩ ነው፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አይደለም።»

ፋኢዛ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የእኚህ ሴት ጥፋት ዝናብ ፈርተው ዝም ማለት ነው። የእሷ ዝምታስ? ፀሐይ እየወጣ፣ ፀሐይ እየጠለቀ፣ በየቀኑ አዲስ ዝምታ!

«እማማ… አዲስ ዘር መጥቷል። ልስጥዎት። ምንም አልፈልግም፤ እንዲያው ይውሰዱት።»

«ዘሩማ ምን አደረገ? ጥፋቱ የዘሩ አይደለም።» እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ የተሰነጣጠቀ፣ አፈር የገባበት እጅ ነው። «የመጣሁት ለሌላ ነው። እጅሽን አውሺኝ ልልሽ ነው። እናትሽ ደግ ሴት ነበረች፤ አንቺም ጾመኛ ነሽ፣ ሰው አታታልይም። መደቤን ደግሜ ቆፍሬዋለሁ። ነገ ጠዋት መጥተሽ አንቺ በትኚልኝ።»

ሰው አታታልይም! ፋኢዛ «እሺ» አለች። ከዚያ ሁሉ ቃል ከአፏ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ያን ዕለት ሊያፈጥሩ ቴምሩ ተቀምሶ ሾርባው ሲቀርብ ለአብዱልቃኒ ሁሉንም ነገረችው። ጣሳዋን፣ ጨርቁን፣ ከግራሩ ሥር መመለሷን፣ ስግደቱን። ባሏ ማንኪያውን አስቀምጦ እስክትጨርስ አዳመጣት። እንደ ወትሮው ይቀልዳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልቀለደም።

«ታዲያ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አላት። ሾርባውም ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ልትናገር ቆርጣ ወረደች። እማማ የብርጓል ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ የእሷ እጅ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሴቶች ተሰብስበዋል። አሮጊቷ በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው አፈሩን በመዳፋቸው ያስተካክላሉ፤ ሲነሡ ሁለት ሴቶች ብብታቸውን ይዘው ደገፏቸው። ፋኢዛ ቃሏን ዋጠች። ከአዲሱ ዘር ዘግና በተነች። «አይዞሽ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የበተንሽው» አሏት እማማ የብርጓል።

አዲስ ዘር ነውና በቀለ። አመተ ሥላሴ ሱቁ ድረስ እየሮጠች መጣች። «ነይ እይ! እጅሽ ጉድ ሠርቷል! የኔንም መደብ የምትዘሪልኝ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አልጠራም!» ብላ በክንዷ ጎተተቻት። ኢድ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። መንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። ፋኢዛ እንደ ተያዘ ሌባ አንገቷን ደፍታ ትጎተታለች፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

መደቡ ላይ የሽንኩርቱ ቡቃያ እንደታጠፈ ክር ሆኖ አፈሩን ሞልቶታል። እማማ የብርጓል አጠገቡ ቆመው እንባቸው ይወርዳል። ደስታም ነው፣ ሐዘንም ነው። ፋኢዛን ሲያዩ ዱላቸውን ጣሉና ቀኝ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሳሙት። በእናቷ ዕድሜ ያለች ሴት የእሷን እጅ ሳመች።

ፋኢዛ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ነጠቀች።

«አይሳሙት! እማማ፣ አይሳሙት! እጅዎ አልደረቀም። ያን ጊዜ የሰጠሁዎት ዘር የዓምና ነው። ከቆርቆሮ ሥር ሲጠበስ የከረመ የሞተ ዘር ነው። የዘንድሮ ነው ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። የለም ማለት አፍሬ ነው።»

አመተ ሥላሴ እንኳ የምትለው ጠፋት፤ በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እማማ የብርጓል ፋኢዛን ትክ ብለው አዩአት።

«መሞቱን መቼ አወቅሽ?»

«በጨርቅ ቋጥሬ አይቼው ነበር። እርስዎ ከዘሩ ሳምንት ሳይሞላ።»

«ሱቅሽ መጥቼ ስለ ስግደቱ ሳወራሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አሮጊቷ ዱላቸውን ከመሬት ሊያነሡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አላቸው። ፋኢዛ ልታነሣላቸው ጎንበስ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። እንደምንም ብለው ራሳቸው አነሡት። ከዚያ በለሆሳስ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ «ያ ሁሉ ስግደት የማን ነበር ታዲያ?» አሉ። መልስም አልጠበቁ። ወደ ጎጆአቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ኢድ ሆነ። ጎረቤት እንደ ልማዱ እንኳን አደረሰሽ ሊል መጣ፤ ጾም ላይ ያሉት ክርስቲያኖችም ሳይቀምሱ ተቀምጠው፣ ተጫውተው ሄዱ። እማማ የብርጓል አልመጡም። ፋኢዛ በር በከፈተ ሰው ሁሉ ቀና ትል ነበር። ሰው ሲሰድባት፣ ሲያማት ቢውል ይሻላት ነበር፤ ግን በፊቷ ማንም አንድ ቃል አልተናገራትም። በጀርባዋ የተባለውን ደግሞ ገበያው ያውቀዋል።

ከኢድ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ሱቁ ገበያተኛ ሞልቶት ሳለ እማማ የብርጓል መጡ። ዱላቸውን አልተዉም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሌሎቹም መደባቸውን ደግመው ቆፍረው፣ እያፈሩ፣ እየለመኑ ጠርተዋቸው ነበር።

«እንዴት አደርሽ?» አሉ። ልጄ አላሉም፤ ፋኢዛዬም አላሉም።

«ደህና። እርስዎ እንዴት አደሩ እማማ?»

«የሽንኩርት ዘር አለ?»

«አለ።»

«የዘንድሮ ነው?»

«የዘንድሮ ነው» አለች ፋኢዛ፤ ድምፅዋ ለራሷም የውሸት መሰላት።

እማማ የብርጓል ከጣሳው አንድ ቁንጥር አነሡ። ከደረታቸው እርጥብ ጨርቅ አወጡና ዘሩን እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቋጠሩት። «ይብቀልና እመጣለሁ» ብለው ወጡ። ከኋላቸው የቆመችው አንዲት ሴት ትንሽ አመነታችና እሷም «እንግዲያውስ ለኔም ቁንጥር ስጪኝ፣ ልየው» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ፋኢዛ ለሁሉም ቆንጥራ ሰጠች።

ሲበቅል እማማ የብርጓል ተመለሱ። ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት፤ ነጫጭ ጭራዎቹ ወጥተዋል። «በቅሏል። ለኪልኝ» አሉ።

ፋኢዛ ስኒውን ሞላችው። ከዚያ እንደ ድሮው ከላዩ ምርቃት ጨመረች፤ ዘሩ ተከምሮ በስኒው ጠርዝ ተንጠባጠበ። እማማ የብርጓል ስኒውን ከእጇ ተቀበሉና በአመልካች ጣታቸው አፉን ልክ አድርገው አስተካከሉት። የተረፈውን፣ ባንኮኒው ላይ የወደቀውን ሳይቀር በመዳፋቸው ሰብስበው ወደ ጣሳው መለሱት። አንዲት ፍሬ በጣታቸው ላይ ተጣብቃ ቀርታ ነበር፤ እሷንም አራግፈው ጣሉ። ከዚያ በስኒው የተለካውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ጉልበታቸውን ደግፈው ደረጃውን ወረዱ።